ስለ ፍሪጁ ጓጉንቸር የተሰጠ አስተያየት

ዊልማ ስታብስ ሰውን ከሩቅ አይታ ዕድሜውን፣ ለወሬ ጊዜ ያለው መሆን አለመሆኑን፣ እሺ ይበል እምቢ ቀድማ ታውቃለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ባለ አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ፣ በጫማ መደብሩና በአይስክሬም ቤቱ መካከል ቆማ የተማረችው ይህንኑ ነው። ሥራዋ ገና ለሕዝብ ያልቀረበ ፊልም በነጻ አይተው አስተያየት የሚጽፉ ሰዎችን መመልመል ነበር። ሽማግሌ ሲፈለግ ሽማግሌ፣ ጎረምሳ ሲፈለግ ጎረምሳ ታመጣለች። ፊልሙን ግን ራሷ አይታ አታውቅም። ሰዉ ውስጥ ሲስቅ እሷ ውጭ ተቀምጣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች።

ከቤከርስፊልድ የመጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ተዋናይ እሆናለሁ የሚል ሰው ተከትላ ነው። ሰውየው ተዋናይ አልሆነም፤ ባልነቱም ብዙ አልቆየም። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ኖረች፤ ልጅ የላትም። በዚያ ዓመት ለጡረታዋ አሥራ አራት ወር ቀርቷት ነበርና ያለፈውን ቀን ሁሉ ወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ እየሰረዘች ትጠብቅ ነበር። ይህን ቀድሜ መናገሬ በኋላ እጇ ለምን እንደዘገየ እንዲገባችሁ ነው።

ያን ቅዳሜ ሊታይ የነበረው ፊልም የሁለት ሞልቃቃ እህትማማቾች ቀልድ ነው። አባታቸው በፍራሽ ንግድ የከበረ ሀብታም ነው፤ እነሱ ደግሞ ከጫማና ከመኪና ሌላ የሚያውቁት የለም። ለዚህ ፊልም ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሰባት ዓመት የሆናቸው ሦስት መቶ ልጃገረዶች ያስፈልጉ ነበር። ችግሩ የዚያኑ ዕለት በአካባቢው የትምህርት ቤቶች ውድድር መኖሩ ነው፤ ልጁ ሁሉ ወደ ሜዳ ነጉዷል። የዊልማ አለቃ ብራይስ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እየተመላለሰ ቁጥሩ ካልሞላ ሁላችንም አለቀልን እያለ ነፍሷን አወጣው። እሷም ዓይኗን ከወዲያ ወዲህ ስታንከራትት፣ ምግብ ቤቶቹ በተደረደሩበት በኩል የተቀመጡ ሁለት ልጆች አየች።

የሚበሉት ነገር ፊታቸው የለም፤ ሰው ሲበላ ያያሉ። ትልቋ አሥራ ሦስት ዓመት ይሆናታል። ትንሿ ዘጠኝ ብትሞላ ነው። አጠገባቸው ኮፍያ ያደረገ፣ ጺሙን በሥርዓት የተላጨ ሰው ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ዊልማ ቀርባ የተለመደውን ንግግሯን አወረደችው። ትልቋ ልጅ ስለ ፊልሙ አንድም ነገር አልጠየቀችም።

«ፈንዲሻው በነጻ ነው?» አለች።

«በነጻ ነው ማሬ።»

«ለየራሳችን ነው ወይስ ለሁለታችን አንድ?»

ለየራሳችሁ ነው አለቻት። ልጅቷ ወደ ሰውየው ዞራ ጠበቀች። እሱም ፈገግ ብሎ እሺ ይሂዱ አለ፤ የእናታቸው ባል እንደሆነ፣ እናታቸው በሥራ ምክንያት ሩቅ እንዳለችም ነገራት። ዊልማ የፈቃድ ወረቀቱን ስትዘረጋለት እጁን እንኳን አላነሳም። «እርስዎው ይፈርሙት እማማ። እኔና ወረቀት አንስማማም» አላት።

ይህ ደግሞ መልማዮች ሁሉ የሚያደርጉት ነገር ነው። ቁጥር ሲጎድል፣ ወላጅም ሲሰላች፣ አንዷ ለሌላዋ ዓይኗን ጠቅሳ ትፈርማለች፤ ወረቀቱን የሚያነበው የለም፤ በሳምንቱ ተቀዳዶ ይጣላል። ዊልማም ፈረመች። በአድራሻው ቦታ ምን እንደምትጽፍ ጨንቋት ለአፍታ ቆየችና የራሷን ቤት አድራሻ አሰፈረች። ልጆቹ እንደነገሯት የትልቋን ስም ኬንድራ፣ የትንሿን ጆሲ ብላ ጻፈች፤ የሰውየውን ስም አልጠየቀችም። ለጆሲም አሥራ አንድ ዓመት ሰጠቻት። ሦስት መቶው ሞላ፤ ብራይስም ተነፈሰ።

ስምንት ሰዓት ላይ ፊልሙ ተጀመረ። በሩ ቢዘጋም ሳቁ ወደ ውጭ ይሰማል። በተለይ መሃል ላይ አንድ ጊዜ አዳራሹ እስኪነቃነቅ ሳቁ። በኋላ እንደሰማችው አባትየው ልጆቹን ለመቅጣት ፍሪጁ ላይ ጓጉንቸር ያስገባል፤ እህትማማቾቹ በጸጉር መርፌ ሊከፍቱት ይታገላሉ፣ መጨረሻም ከነፍሪጁ መዋኛው ውስጥ ይገባሉ።

ፊልሙ ሲያልቅ እንደ ደንቡ ለሁሉም ካርድና እርሳስ ታደለ። ካርዱ ላይ ዕድሜ እንጂ ስም አይጻፍም። ብራይስ ሃያ ልጆች አስቀርቶ ለውይይት ከፊት ወንበር ሲያስቀምጥ፣ ሌሎቹ ካርዳቸውን በሳጥን እየጣሉ ወጡ። ዊልማ መግቢያው ላይ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጣ እያነበበች መለየት ጀመረች፤ የወደዱት ወዲህ፣ የጠሉት ወዲያ።

የልጆች አስተያየት ያስቃል። አንዷ ሮዝ መኪናዋን ለኔ ስጡኝ ብላለች። ሌላዋ የታላቅ እህትየው ፍቅረኛ አጎቴን ስለሚመስል መሳም ሲጀምሩ ዓይኔን ጨፈንኩ ብላለች። አንዷ ደግሞ የእህቶቹን ሥራ ሁሉ ትታ፣ ውሻው በጣም ደስ ይላል፣ ሌላ ፊልም ለውሻው ብቻ ይሠራ ብላ ጽፋለች። ዊልማ ይህቺን ካርድ ለብቻዋ አስቀመጠቻት፤ ለብራይስ ልታሳየው ፈልጋ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ ያነሳችው ካርድ ፊደሉ ትንንሽና ንጹሕ ነው። ፊልሙን እንዴት አየሽው ለሚለው «ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል። እውነት የማይመስል ትዕይንት አለ ወይ ከሚለው ጥያቄ ሥር እንዲህ ይላል፦

«የፍሪጁ ጓጉንቸር። እንደ ፊልሙ ያለው በመርፌ ቶሎ ይከፈታል። የኛ ሰንሰለት አለው፣ በአራት ቁጥር ነው የሚከፈተው። እኔና እህቴ ከዜሮ ጀምረን አንድ በአንድ እየሞከርን 2740 ደርሰናል። እሱ ውጭ ሲሆን ብቻ ነው የምንሞክረው። ስንጨርስ እንዳያውቅ ሁልጊዜ ወደ አራቱ ዜሮ እንመልሰዋለን። ፊልሙ ላይ ያሉት ልጆች ፍሪጁ ጋ ሆነው ይስቃሉ። ፍሪጅ ጋ አይሳቅም።»

ዊልማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የማን ካርድ እንደሆነ ለማወቅ ስም አላስፈለጋትም፤ ፈንዲሻው ለየራሳችን ነው ወይ ያለችው ልጅ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ነበር። ተነስታ ጫማዋን ስትፈልግ የመስታወቱ በር ተከፈተና ኬንድራ ተመልሳ ገባች። ሰውየው ከኋላዋ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ ነበር። ጆሲ አብራቸው የለችም።

«ካርዴን ማስተካከል እችላለሁ?» አለች ኬንድራ። ዓይኗን ከወለሉ ላይ አላነሳችም።

«ትንሿ ልጅ መኪና ውስጥ አንድ ነገር ነገረችኝ» አለ ሰውየው፤ ድምፁ የትሑት ሰው ነው። «ኬንድራ የቤታችንን ነገር ጽፋለች አለች። ልጅ መቼም ፊልም ሲያይ ብዙ ነገር ይፈጥራል። ልየው እማማ፣ እርስዎንም አላስቸግር።»

የአዳራሹ ጥበቃ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ከፈንዲሻ ሻጯ ጋር ያወራል። ዊልማ ልትጠራው ትችል ነበር። ልጅቷን ክንዷን ይዛ ከጠረጴዛው ወዲህ ልታደርጋት ትችል ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት መጀመሪያ ወደ አእምሮዋ የመጣው ልጅቷ ሳትሆን የፈረመችው ወረቀት ነው፤ ነገሩ ከተነሳ ማን ፈቀደ ይባላል፣ ወረቀቱም ይወጣል፣ አሥራ አራት ወሯም ውሃ ይበላዋል። ይህን ራሷ ናት ኋላ የተናገረችው፤ ስትናገረውም ፊቷን በእጇ ሸፍና ነበር። እንግዲህ ብልህ የሆነች መሰላት። የኬንድራን ካርድ ወደ ጭኗ አንሸራትታ ለብቻ ያስቀመጠቻትን ካርድ አንስታ ሰጠችው።

ሰውየው ቀስ ብሎ አነበበ። ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ውሻው በጣም ደስ ይላል» አለና ፈገግ አለ። ካርዱንም አስተካክሎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

«ኬንድራ ውሻ ትፈራለች» አለ።

ኬንድራ ያን ጊዜ ቀና ብላ ዊልማን አየቻት። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችምም። አንድ ነገር እንደጨረሰ ሰው ነው ያየቻት። ሰውየው ስለ ፈንዲሻው አመስግኖ ልጅቷን ይዞ ወጣ።

ዊልማ ባዶ እግሯን ተከትላቸው ሮጠች። መኪና ማቆሚያው ላይ ስትደርስ አንድ ሰማያዊ አሮጌ ፒክአፕ ሲወጣ አየች፤ የጆሲ ግንባር መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። ታርጋውን በኬንድራ ካርድ ጀርባ ላይ ጻፈችና ለፖሊስ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ኦርቴጋ የምትባል ፖሊስ ናት። ታግሣ ሰማቻትና ምን ማስረጃ እንዳላት ጠየቀቻት። ዊልማም የፊልም አስተያየት ነው አለቻት።

ኦርቴጋ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ የምትል ሴት አልነበረችም፤ ወዲያው ታርጋውን ፈለገች። መኪናው የተመዘገበው ከሁለት ዓመት በፊት ለማይታወቅ ሰው በሸጡት አንድ አዛውንት ስም ነው። ስለዚህ የፈቃድ ወረቀቱን ጠየቀች። እዚያ ላይ የወላጅ አድራሻ ይኖራል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደርሳለን አለቻት። ዊልማ ያን ጊዜ እውነቱን ተናገረች። ኦርቴጋ አልጮኸችባትም፤ ቀጥሎ ለማን ልደውል ብቻ አለች፣ ለራሷ ነበር የምትናገረው። ዊልማ ግን ቢጮኹባት ይሻላት ነበር።

ሰኞ ብራይስ አስጠራት። ሥራዋን እንዳጣች ከመንገሩ በፊት፣ ምን እንደሚል ጠፍቶት ነው መሰለኝ፣ ስለ ፊልሙ አወራላት። ልጆቹ ከሁሉ አስበልጠው የወደዱት የፍሪጁን ትዕይንት እንደሆነ፣ ሠሪዎቹም ሊያስረዝሙት እንደወሰኑ ነገራት። ዊልማ የቀን መቁጠሪያዋን ሳትሰርዝ ቀረች።

ቤቱ የተገኘው ሐሙስ ነው። ኦርቴጋ ከሰዓት በኋላ ደወለችላት፤ ደንቡ ባይፈቅድም ልነግርሽ ቃል ገብቼ ነበር አለቻት። ከበረሃው ጫፍ ያለ የኪራይ ቤት ነው። ባዶውን ነው። ጎረቤት እሁድ ከሰዓት ሰውየው ፒክአፑ ላይ ዕቃ ሲጭን አይቷል፤ ልጆቹን ግን አላየሁም ብሏል። ፍሪጁ የቤቱ ንብረት ስለሆነ ቀርቷል፤ ሰንሰለቱም ጓጉንቸሩም እንደተቆለፈ ነው።

«ቁጥሩ ስንት ላይ ነው?» አለች ዊልማ።

የወረቀት ድምፅ ተሰማ። «ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሰባ አንድ።»

ዊልማ አሰላች። ቅዳሜ 2740 ነበር። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ጊዜ ሞክረዋል፤ ከዚያ መኪና ወርደው ቤት ገብተዋል፣ አብረው ቆመው አዙረዋል። ከፊልሙ በኋላ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ይህንኑ በደስታ እየተጣደፈች ለኦርቴጋ ነገረቻት።

«ዜሮውስ?» አለቻት ኦርቴጋ። የካርዱ ቅጂ ፊቷ ነበር፤ ስለ ቁጥሩ የሚሉትን መስመሮች እያነበበች ይሆናል። ዊልማም ካርዱን በቃሏ ታውቀዋለችና፣ ስንጨርስ ሁልጊዜ ወደ አራቱ ዜሮ እንመልሰዋለን የሚለው ትዝ አላት።

ያን ቀን ግን ቁጥሩን ወደ ዜሮ የመለሰው የለም፤ እየሞከሩ ሳሉ ሰውየው ደርሶባቸዋል ማለት ነው።