ረቡዕ የተከፈተው ቢራ

«አንቺ እኮ ለአንድ ጉንጭ አረፋ የሸጥሽኝ ልጅ ነሽ» አለችኝ አክስቴ ወርቅነሽ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

ይህን ያለችኝ ባለፈው ሳምንት ነው፣ ደብረ ብርሃን ቤቷ ውስጥ፣ ብቅሏን በሰፌድ እያነፈሰች። ልጠይቃት ሄጄ ገና መቀመጫ እንኳ አልያዝሁም ነበር። መቼም መቀመጥ አልወድም። እርሷ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሆዷ ያብላላችውን ነገር በአንድ ትንፋሽ አወጣችውና ወደ ብቅሏ ተመለሰች። እውነቷን ነው፤ ግን ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ እኔ ዘንድ ነበር፤ እስከዚያ ዕለት ድረስ ለማንም አልነገርሁትም።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አክስቴ አንኮበር፣ በአንድ ፊታውራሪ ግቢ፣ የጠላ ቤቱ አለቃ ነበረች። እናቴ ስትሞት እርሷ ወስዳ አሳደገችኝ። አባቴ ቄስ ስለነበር ዳዊት ደግሜአለሁ፣ መጻፍም አውቃለሁ፤ የግቢው ሴቶች «ፊደል ቆጥራ ምላሷን አስረዘመች» ይሉኝ ነበር። ምላሴ ብቻ አይደለም፤ እግሬም አያርፍም። ጠላ ቤቱ ጨለማ ነው፣ ጣራው ዝቅ ያለ ነው፤ ግማሽ ቀን ከቆየሁበት ደረቴን ይጫነኛል። ስለዚህ ቆላ ወርዶ አሊዩ አምባ ገበያ የሚሄድ ሲፈለግ፣ ጥያቄው ሳያልቅ «እኔ!» የምል እኔ ነበርሁ።

አክስቴ ጠላን ከመቅመሷ በፊት ታዳምጠዋለች። ጆሮዋን ጋኑ ሆድ ላይ ትለጥፍና ዓይኗን ትጨፍናለች። ውስጡ የሚያጉረመርም ከሆነ «ገና ነው» ትላለች፤ ጸጥ ካለ «ደርሷል» ትላለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። የጠላ ቤቱን ቁልፍ ያስያዛት ያ ጆሮዋ ነው።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ከአያ ሁሴን ጋር፣ ከበቅሎ ነጂው ማለቴ ነው፣ ጌሾ አስጭነን ከአሊዩ አምባ ወደ ላይ እንመለሳለን። ታች ማሽላው አናቱን ደፍቶ፣ ሙቀቱ ጀርባ ይለበልባል፤ ዳገቱን ግማሽ ሲሉት ግን ነፋሱ ይለወጣል፣ የጽድ ዛፉ መሽተት ይጀምራል። እዚያ ምንጭ አለ። ምንጩ ላይ ስንደርስ ሙሴ ሃንስ በቅሎዎቹን አሳርፎ አገኘነው። በዚያን ጊዜ ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው። ይህኛው ጢሙ ቀይ፣ የፊታውራሪን ጠመንጃ የሚጠግን ጀርመን ነው፤ ወደ ባሕሩ ወርዶ እየተመለሰ ነበር። ለፊታውራሪ እጅ መንሻ እንዲሆን ስምንት ጠርሙስ ያገሩን ቢራ በገለባ ጠቅልሎ በሣጥን ይዟል። አንዱን ጠርሙስ፣ መንገዱ አበላሽቶት እንደሆነ ሊፈትነው፣ ምንጩ ውስጥ ነክሮታል።

«አንተ የጠላ ቤት ልጅ ነህ። ና ቅመስ» አለኝ። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚለው።

«አያ ሁሴንስ?» አልሁ።

«አስተግፊሩላህ! እኔን ውኃው ይበቃኛል» አለና አያ ሁሴን ጀርባውን ሰጠን። «አንቺ እንደ ልብሽ። እኔ በቅሎዎቼን ነው የማየው፤ ሌላ ምንም አላየሁም።»

«በቅሎዎቹ እኮ በዚህ በኩል ናቸው!»

«የሩቆቹን ነው የማየው» አለ ሳይዞር።

የጠርሙሱ መክደኛ እንደ ሲኒ ነጭ ነው፣ በሽቦ ታስሯል። ሙሴ ሽቦውን በአውራ ጣቱ ገፋው፤ ጧ! አለ። ብርጭቆውን አጋድሞ በቀስታ ቀዳ። እጄን ብዘረጋ ሸሸብኝ። «ቆይ። አትቸኩል» አለ። አረፋው ተነሣ፣ ተኛ፤ ደግሞ ጨመረበት፣ ደግሞ ጠበቀ። እግሬ መሬቱን ይጠልዛል። መጠጥ ለመቅዳት ይህን ያህል ጊዜ የሚፈጅ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ ሰጠኝ። ጠጅ የመሰለ ወርቅማ ነው፤ ከጠጅ የሚለየው ጣቴ በወዲያ በኩል ጥርት ብሎ መታየቱ ነው። አረፋው እንደ ተነደፈ ጥጥ ከላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ቅንጣት ቅንጣት ዶቃ እየተነሣ ወደ ላይ ይሮጣል፤ ማለቂያ የለውም፤ ጆሮ ጠጋ ካደረጉት ይንሾካሾካል። አሸተትሁት፤ ጤዛ ያለበት የታጨደ ሣር ሸተተኝ፣ ከሥሩም ትኩስ የገብስ ቂጣ። ከዚያ ጠጣሁ። መጀመሪያ ብርዱ ጥርሴን ያዘው። ቀጥሎ ምላሴን ነከስ ነከስ አደረገኝ። የገብሱ ጣፋጭነት ብቅ ብሎ ሳይቆይ ሄደና ምሬቱ ከኋላው መጣ። የጌሾ ምሬት ጉሮሮ ላይ ሙጭጭ ይላል፤ ይሄ ግን አፍን ጠርጎ ነው የሚሄደው፤ ከሄደ በኋላም ሌላ ጉንጭ ያስመኛል።

«ጌሾው የምን ጌሾ ነው?»

«ጌሾ አይደለም። የሐረግ አበባ ነው። መጠጡን ፒልስ እንለዋለን እኛ።»

«በስንት ቀን ይደርሳል?»

«ሦስት ወር ይተኛል። ብርድ ቤት ውስጥ።»

«ሦስት ወር! እኔ ብሆን አብጄ ጠርሙሱን እሰብረው ነበር።»

ሳቀ። ከዚያ ጣቱን አነሣብኝ፦ «ከተከፈተ ግን ወዲያው ነው። ክፍቱን ካደረ ይሞታል።»

ዳገቱን ስንጨርስ አያ ሁሴን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጄ፣ ይህን ለአክስትሽም ለማንም እንዳትነግሪ። መንገድ ዳር ከፈረንጅ ጋር ጠጣች ከተባለ የሚያገባሽ አይገኝም» አለኝ። እኔ ሁሉን የምናገር ሰው ነኝ። ይህን ግን ዋጥሁት።

ሰባቱ ጠርሙሶች ለሐሙስ ግብር ረቡዕ ረፋድ ላይ ጠላ ቤት ገቡ። ረቡዕ ጾም ነውና አክስቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአፏ ምንም አታስገባም። የመጀመሪያውን ስትከፍተው አረፋው እጇ ላይ ገነፈለ። ልማዷ ነው፣ ጆሮዋን አስጠጋች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይሄ ገና ነው!» አለች። «እየፈላ እኮ ነው ያመጣው። ፊታውራሪ ይህን ቢጠጡት ሆዳቸው ተነፍቶ ያድራል።» እንስራ አስቀርባ መገልበጥ ጀመረች፤ ፈልቶ እንዲበቃው ምድጃው አጠገብ፣ በጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ ሊያድር ነው።

«አክስቴ» አልሁ።

«ምን?»

«እንደዛው ቢሆንስ የሚጠጣው?»

ቀና አለች። «የት ቀምሰሽ ነው?»

ሦስት ጠርሙስ ተገልብጧል። አራቱ ገና አልተነኩም። እያየኋቸው ነበር።

«የትም» አልሁ። ወጣሁና ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርሁት። ስመለስ አራቱም ተገልብጠዋል።

ሐሙስ በግብሩ ላይ ቀጂዋ እኔ ሆንሁ። እንደ ደንቡ ለጌታ ከመስጠቴ በፊት መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስሁ፤ ቀማሹ ሳይጠጣ ጌታ አይጠጣምና። ለብ ያለ፣ ዝም ያለ፣ ገለባ የተዘፈዘፈበት ውኃ ሆኗል። ፊቴን ሳልቀይር ብርሌውን አቀረብሁ። ፊታውራሪ ተጎነጩና አፋቸውን ጠረጉ።

«ሙሴ፣ ይህን ከባሕር ድረስ ያስጫንኸው ለኔ ነው ወይስ ለበቅሎዋ?»

አዳራሹ ሳቀ። ሙሴ ሃንስ ተነሥቶ «ልቅመሰው» ብሎ ለመነ፣ ቀዳሁለት፣ ቀመሰ። ፊቱ ከጢሙ ይበልጥ ቀላ። «ይሄ የሞተ ነው» አለ። «እኔ የሞተ አላመጣሁም።»

ሳቁ ቆመ። ፊታውራሪ በቤታቸው ላይ ነቀፋ አይወዱም። «እኛ ገደልነው ነው የምትለው?» አሉና ወደኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ማነው የከፈተው?»

ሙሴ አየኝ። እንደማውቅ ያውቃል፤ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔ ዝም ብል ውሸታም ሆኖ ከግቢው የሚባረረው እርሱ ነው።

«አክስቴ ናት» አልሁ። «ትናንት ከፍታ በእንስራ አሳደረችው።»

አክስቴ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «ጮኸብኝ፣ ጌታዬ» አለች። «እየጮኸ ለጌታ አይቀርብም ብዬ ነው።»

ከባለሟሎቹ አንዱ «ምን ታድርግ፣ ጆሮዋ ፈረንጅኛ አያውቅ!» አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፊታውራሪም ሳቁ። ቁጣ ቢሆን ያልፍ ነበር፤ ሳቅ ግን አላለፈም። ከዚያ ወዲያ ጆሮዋን ጋን ላይ ባስጠጋች ቁጥር የወጥ ቤት ልጃገረዶች ሳይቀሩ «ምን አለሽ፣ በፈረንጅኛ?» ይሏት ጀመር። በሳምንቱ ቁልፉ ለሌላ ሴት ተሰጠ። አክስቴ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ደብረ ብርሃን ብርድ ወጣች። ሙሴም ብዙ አልቆየም፣ ወደ እንጦጦ ሄደ። እኔ አረርቲ ኖርሁ፣ ሰላ ድንጋይ ኖርሁ፤ የትም ሁለት ክረምት አልደገምሁም። በየሄድሁበት «እውነት ተናጋሪ ናት» ይሉኛል፤ በሰማሁት ቁጥር ጓዜን መሸከፍ ያምረኛል። እውነትም የምትነገርበት ቀን አላት፤ የኔዋ ቀን ረቡዕ ነበረች።

ባለፈው ሳምንት እንግዲህ፣ ያን ነገር ብላኝ ወደ ብቅሏ ስትመለስ፣ በሩ ዘንድ ቆሜ ተናገርሁት።

«አክስቴ፣ የሸጥሁሽ ሐሙስ አይደለም። ረቡዕ ነው። ከዚያ በፊት ምንጩ ላይ ቀምሼው ነበር። ክፍቱን ካደረ እንደሚሞትም ሙሴ ነግሮኝ ነበር። አራቱ ሳይከፈቱ ላስቆምሽ እችል ነበር። ለስሜ ፈርቼ ዝም አልሁ።»

ሰፌዱ ቆመ። ውጭ አህያ ይጮኻል። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትመታኝም ደስ ይለኝ ነበር።

«ታዲያ» አለች፣ «ሕይወት ሳለው ምን ምን ይል ነበር?»

ነገርኋት። ብርዱን፣ ገብሱን፣ ጠርጎ የሚሄደውን ምሬት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

«ድምፁስ?»

«ይንሾካሾካል። ከሥር እስከ ላይ፣ ሳያቋርጥ።»

«እኔም እርሱኑ ነው የሰማሁት» አለች። ሰፌዷን አነሣች። «በይ ውጪልኝ አሁን።»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።