መምህሩ በተራ ያደሩባቸው ቤቶች

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቡታጅራ ከተማ ውስጥ በተማሪዎች ክፍያ የሚተዳደር አንድ ትምህርት ቤት፣ ለመሰናዶ መምህራኑ ደመወዝ ከመንግሥት ያገኝ የነበረው ድጎማ እንደገና መቋረጡን ለወላጆች በስብሰባ አስታወቀ። ለዘገባ ሄጄ ግቢው ውስጥ ቆሜ ስጽፍ፣ ከአጥሩ ማዶ ፀሐይ ላይ የተሰጣ በርበሬ ሽታ በነፋስ መጥቶ አስነጠሰኝ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ዜና እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ይኸው ሽታ እያስነጠሰኝ ሰምቼው ነበር።

ያኔም ጥቅምት ነበር። ርዕሰ መምህሩ ከሰንደቁ ሥር ቆመው፣ ተማሪ በሚያስከፍል ትምህርት ቤት መንግሥት ከእንግዲህ ደመወዝ እንደማይከፍል ተናገሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለት መምህራን ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። የቀሩት የፊዚክሱ መምህር ጌትነት ነበሩ፤ ከጎጃም የመጡ፣ ቀጭን፣ ሚስት ያላገቡ፣ መናኸሪያው አጠገብ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ሰው። እሳቸው ከሄዱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሳይንስ ተማሪዎች ክፍል ሊዘጋ ነው፤ የመንግሥቱ መሰናዶ ደግሞ በዓመቱ መካከል አዲስ ተማሪ አይቀበልም ነበር። ታላቅ እህቴ ዘይነባ ከዚያ ክፍል ተማሪዎች አንዷ ነበረች። መርካቶ ሱቅ ያለው አጎቴ ሸምሱ ወሬውን እንደሰማ ደውሎ «ወደኔ ላኳት፤ ሚዛን መያዝ ትልመድ እንጂ ፊዚክስ ምን ሊያደርግላት!» አለ። ዘይነባ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም።

የሰፈራችን ሴቶች ውጆ ነበራቸው፤ የየቤታቸውን ቅቤ አንድ ላይ አጠራቅመው ለአንዷ ይሰጣሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ለሌላዋ፣ እንዲህ እያለ ተራው ይዞራል። በወላጆች ስብሰባ ላይ ወንዶቹ ተናግረው ተናግረው ሲደክማቸው፣ እናቴ ከኋላ ተነሥታ «ቅቤውን በተራ እናዋጣ የለም እንዴ? መምህሩንም በተራ እናኑረው። ቤት ኪራይና ቀለብ ከላዩ ከወረደለት፣ የተማሪዎቹ ክፍያ ለደመወዙ ይበቃዋል» አለች።

«መምህር እንደ ቅቤ ይነጠራል እንዴ ሙሚና?» አሉ አንድ ሽማግሌ፤ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

«አባባ ከድር፣ እርስዎ ብቻ ተራዎ ሲደርስ በር እንዳይዘጉ!»

ሳቁ ሲበርድ ነገሩ ተወሰነ። የመጀመሪያው ወር ተራ የኔ ነው ብላ እናቴ ራሷ ወሰደችው።

መምህር ጌትነት ፍራሻቸውን በጋሪ አስጭነው የመጡ ቀን እናቴ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም ነበር። እኛ ሙስሊሞች ነን፣ እሳቸው ክርስቲያን፤ የእኛን ሥጋ እንደማይበሉ ታውቃለችና፣ ስታስብ ውላ ጎመን ለመሥራት ቆረጠች። ጎመኑን አድቅቃ ከትፋ፣ ከውጆ የደረሳትን ቅቤ ሳትሰስት አፍስሳ፣ አይብ ጨምራ፣ ከትኩስ ቆጮ ጋር አቀረበችና «ይብሉ መምህር፤ ወላሂ ሥጋ የሚባል አልነካውም» አለቻቸው።

መምህሩ ጎመኑን አዩት፤ እናቴን አዩዋት፤ እንደገና ጎመኑን አዩት። «እትዬ ሙሚና፣ እጅዎ ይባረክ፤ ግን ዛሬ ረቡዕ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ለጾመኛ ቅቤውም አይቡም ከሥጋው እንደማይለይ ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም። እናቴ «ያ አላህ!» ብላ ራሷን ያዘች፤ ዘይነባ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ መምህሩ ግን ደረቁን ቆጮ በሚጥሚጣ እያጠቀሱ በልተው፣ ጎመኑ ለነገ እንዲቀመጥላቸው ለመኑ። ከዚያ ወዲያ ረቡዕና ዓርብን እናቴን ያህል አጥብቆ የሚያስታውስ ሰው በሰፈሩ አልነበረም፤ ክርስቲያኗ ጎረቤታችን እማማ ወለተ እንኳ «ሙሚና፣ ዛሬ ምንድን ነው?» እያሉ በአጥር በኩል ይጠይቋት ነበር።

በጋው ሲገባ ከክፍል በኋላ ለፈተናው የሚሰጠው ማጠናከሪያ ትምህርት እኛ ግቢ ሆነ። መምህሩ ወደ ሌላ ቤት ቢዛወሩም የቆርቆሮ አጥራችን ሰፊ ስለነበር፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተማሪዎቹን ሰብስበው በከሰል እየጻፉበት ያስተምሩ ነበር፤ እናቴም ያን አጥር ማንም እንዳያጥበው ከልክላ ነበር። አጎቴ ሸምሱ ዘይነባን ሊወስድ ድንገት የመጣው በዚያ ሰሞን ሲሆን፣ አጥሩ ላይ የተሣለውን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ሚዛን ነው» አሉት መምህሩ፤ «ለምን እኩል እንደሚቆም ልጅቷ ታስረዳዎት።»

ዘይነባ አስረዳችው። አጎቴ ሰምቶ ሲያበቃ «እስከ ፈተናው ትቆይ» ብሎ ብቻውን ተመለሰ።

የዐቢይ ጾም ሲመጣ ሴቶቹ ተጨነቁ። መምህሩን በየቤታቸው በማወፈር እርስ በርስ ይፎካከሩ ስለነበር፣ ተራዋ ጾሙ ላይ የዋለባት ሴትዮ «እኔ ቤት ከስቶ ሊታይ ነው፤ ስሜን ሊያጠፋው!» እያለች ሽሮና ምስሩን ታበዛው ነበር። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን በየቤቱ ቅቤው ተመለሰ፤ መምህሩም ያበጡ እስኪመስሉ ወፈሩ።

ፈተናው ሊደርስ ሲል ግንቦት ላይ፣ ወልቂጤ ሙሉ ደመወዝ ያለው ሥራ መገኘቱ ተሰማ። መምህር ጌትነት አንዲት ኮታቸውን ለብሰው ማለዳ በሚኒባስ ሄዱ። ያን ቀን ዘይነባ አጥሩ ሥር ተቀምጣ አንድ ጥያቄ ደጋግማ ስትሠራ፣ እናቴ ሳታያት ለማለፍ ትሞክር ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መምህሩ ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው በበራችን ብቅ አሉ።

«ምነው ተመለሱ ቲቸር?» አለች ዘይነባ።

«ኮቴ አልቆለፍ አለኝ። በዚህ ሁኔታ ማን ይቀጥረኛል? ጥፋቱ የእናንተ ነው» ብለው ከሰሉን አነሡ። ከዚህ የተለየ ምክንያት ይኖር እንደሆነ በኋላም ጠይቄ ነበር፤ ሌላ መልስ አላገኘሁም።

ክረምቱ ገብቶ ውጤቱ ሲመጣ ዘይነባ ለዩኒቨርሲቲ አለፈች፤ አጎቴ ሸምሱም ከሱቁ ጠረጴዛ ላይ የራሱን ካልኩሌተር አንሥቶ አመጣላት። ዛሬ ወልቂጤ ፊዚክስ ታስተምራለች። መምህር ጌትነትም አግብተው እዚሁ ቡታጅራ ኖረው በቅርቡ ጡረታ ወጡ።

ያኔ የውጆው ተራ የሚነገረው ሴቶች ከቤት ቤት እየሄዱ ነበር፤ አሁን በስልካቸው ቡድን ውስጥ ይጽፉታል። ቆርቆሮው አጥር በብሎኬት ተተክቷል። በጋሪው ፋንታ ባጃጅ አለ።

የረቡዑ የወላጆች ስብሰባ መምህራኑን እንደ ድሮው በተራ ለማኖር ወስኖ አምስት ሰዓት ላይ አበቃ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከደብረ ብርሃን የመጣው ወጣት የሒሳብ መምህር ፍራሹን ባጃጅ ላይ አስሮ እናቴ ቤት በር ላይ ወረደ። እሷ ልትቀበለው ስትወጣ እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ ድስቱን ከፍቼ አየሁ። ጎመኑ የተሠራው በዘይት ነበር።