ቤተሰብ ያልሆናችሁ ቤተሰብ ሁኑ

ፈጠነ የቀናው በጎረቤት ወንድ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ሄዶ አንገት ለአንገት ይተናነቃል፣ ሽማግሌ መሀል ይገባል፣ ይታረቃሉ፣ ያልቃል። እሱ ግን የቀናው ስልክ ውስጥ በሚያወራ ሰውዬ ነው። ይሄ ለማን ይነገራል?

ሰውዬው ቀዳማዊ ይባላል። ጠዋትም ከሰዓትም ማታም በዩቲዩብ ዜና ያወራል። የፈጠነ ሚስት ሜቲ ደግሞ ያለ እሱ ድምፅ ቀኑ አይገፋላትም። ቁጭ ብላ ዜና የምታይበት ጊዜ ከየት ይምጣ? ቤቷ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ትልቁን ልጅ ዮኤልን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ትመልሳለች፤ ትንሿን ቦንቱን ታጥባለች፣ እያባበለች ታበላለች። ስለዚህ ስልኩን ከስፌት መኪናው ጋር ታስደግፈውና አገር ምን ሆነ፣ ዓለም ምን ሆነ፣ ሁሉንም በጆሮዋ ትለቅመዋለች።

ድሮ ለቤቱ ወሬ ማምጣት የፈጠነ ሥራ ነበር። ፈጠነ አየር ጤና፣ ታክሲ ተራው አጠገብ ጎሚስታ ነው። ጎማው የተነፈሰበት ሾፌር ሁሉ እሱ ጋ ይቆማል፤ የቆመ ሾፌር ደግሞ ወሬ አያልቅበትም። ነዳጅ ጨመረ፣ መንገድ ተዘጋ፣ እገሌ ተሾመ፣ እገሌ ወረደ፤ ከጦር ኃይሎች እስከ ዘነበወርቅ የተወራው ሁሉ እሱ ጋ ሳይደርስ አያድርም። ማታ ቤት ሲገባ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ይጀምራል። ሜቲም ማንኪያዋን እንደያዘች ቀጥ ትልና "ወይ ጉድ!" ትላለች። ያቺን "ወይ ጉድ" ለመስማት ሲል ነበር ዳገቱን በጥድፊያ የሚወጣው።

አሁንማ ምን በወጣት! መልሷ "ሰማሁት" ሆኗል።

"ዛሬ የታክሲ ታሪፍ..." ሲል፣ "ሰማሁት።"

"ታች መንገዱ ላይ የውሃ ቧንቧ..." ሲል፣ "ፈነዳ፣ አዎ። ቀዳማዊ ነግሮናል።"

ነግሮናል! እሷና ማን? ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ ያስቀምጠዋል።

ከሁሉ የባሰችበት ግን አንዲት ቃል ናት። ሰውዬው ዜናውን ሲጨርስ ሁልጊዜ "ቤተሰቦቼ፣ እስካሁን ቤተሰብ ያልሆናችሁ ቤተሰብ ሁኑ!" ይላል። ሰብስክራይብ አድርጉ ማለቱ እንደሆነ ፈጠነ አላጣውም፤ ጅል አይደለም። ነገር ግን አንድ ቀን ሜቲ መርፌ ላይ ክር እያስገባች፣ ለራሷ፣ "እኔማ ከሆንኩ ቆየሁ" ስትል ሰማት። ፈገግም ብላለች። ቆሽቱ አረረ።

"ደግሞ ይሄ ጸጉሩን ሲያበጥር የሚውል!" አለ። "ወሬውን ከየት እንደሚለቃቅመው ማን ያውቃል?"

"አንተስ ከየት ነበር የምትለቃቅመው?" አለችው፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው በሐሳቡ አብሮት ይውል ጀመር። ጎማ እየፈታ በቆመ መኪና ስፖኪዮ ፊቱን ሰረቅ አድርጎ ያያል፤ ጸጉሩን ግራሶ በነካው እጁ ያስተኛል፤ ሰው አለመኖሩን ያይና ድምፁን አወፍሮ "ቤተሰቦቼ" ይላል። አያምርበትም። ይበልጥ ይናደዳል።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት ሮቤራ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር፣ የቆየ ደንበኛው፣ ጎማው ተንፍሶበት መጣ። ፈጠነ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ብሎን ሲያላላ፣ ሮቤራ ጋቢና ተቀምጦ ስልኩን ከፈተ። ማንን ቢከፍት ጥሩ ነው? ቀዳማዊን! ያውም ድምፁን ለጥጦ።

"እስቲ ደግሞ ከኮሜንቶቻችሁ ላንብብ ቤተሰቦቼ። ሜቲ ከአየር ጤና እንዲህ ብላለች፤ 'ልጄ ቦንቱ ሁለት ዓመት ሞልቷት አልሄድ ብላን ሐኪም ቤት ስንመላለስ ነበር። ዛሬ ቆማ ሄደች።' እሰይ! እንኳን ደስ አለሽ ቤተሰባችን!"

ሮቤራ ከጋቢና ዘሎ ወረደ። "ያንተዋ ቦንቱ ናት እንዴ? እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! ምነው ደበቅከን?"

"አዎ... ልነግርህ ነበር" አለ ፈጠነ።

ዋሸ። ምን ይበል ታዲያ? የልጄን መሄድ ከአገር ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ ይበል? ለዚያች ልጅ እግር ያልተሳለው ስለት የለም። ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቷን በቅባት የሚያሸው እሱ ነበር። ደስታው መጣ፣ ግን ቅናቱ ቀደመው፤ "እሰይ" የሚለውን ቃል እንኳ ሰውዬው ወሰደበት።

ጎማውን እንዴት እንደገጠመ አያውቅም። ሱቁን ቆልፎ ቤቱ ሲደርስ ገና ከበሩ ላይ ጮኸ። "ለእኔ ሳትነግሪ ለእሱ?"

ሜቲ የስፌት መኪናውን አቆመች። "ደወልኩልህ። 'አንድ ነገር ልንገርህ' ስልህ 'ሰው አለብኝ፣ ማታ' ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው።"

"ታዲያ ማታ እስክመጣ አትጠብቂም?"

"ማታማ የምታወራው አንተ ነህ! ከገባህ ጀምሮ እስክትተኛ የሾፌር ወሬ! ስንት ዓመት ሰማሁህ፣ ፈጠነ? አንድ ቀን 'እናንተስ እንዴት ዋላችሁ፣ እዚህ ቤት ምን አዲስ ነገር አለ?' ብለኸኝ ታውቃለህ? ያ በአካል አይቼው የማላውቀው ሰውዬ እንኳ 'እናንተ ጋስ ምን አለ?' ይላል፤ የጻፍኩትን ያነብልኛል። አንተ ግን የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ!"

ፈጠነ ደጃፉ ላይ ጫማውን አወለቀ። "እስቲ አሳዪኝ" አለ ቀስ ብሎ። "እንዴት እንደሄደች አሳዪኝ።"

ሜቲ ቦንቱን ግድግዳ አስይዛ አቆመቻት። ፈጠነ ማዶ ተንበርክኮ እጆቹን ዘረጋ። "ነይ የኔ እናት! ነይ ወደ አባ!" ሜቲም እሱ አጠገብ መጥታ በኦሮምኛ "ኮቱ ቦንቱ፣ ኮቱ!" እያለች አበረታታቻት። ቦንቱ አባቷን አየችው፤ ቁጭ አለች። እንደገና አቆሟት፤ እንደገና ቁጭ።

"አንተን ስታይ ትሽኮረመማለች" አለች ሜቲ። ይሄ ደግሞ ባትለው ይሻል ነበር።

ይሄኔ ከስፌት መኪናው ላይ "እንደምን አመሻችሁ ቤተሰቦቼ!" የሚል ድምፅ መጣ። የማታው ዜና መጀመሩ ነው። ቦንቱ ድንገት ብድግ አለች። ግድግዳውን ለቀቀች። እየተንገዳገደች፣ እየሳቀች፣ በተዘረጋው የአባቷ እጅ አጠገብ አልፋ ወደ ስልኩ ሄደች።

ሜቲ ደንግጣ ስልኩን ዘጋችው። ልጅቷ ዱብ ብላ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። ፈጠነ እጁን እንደዘረጋ ቀርቷል፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

"ክፈቺው" አለ።

"ተወው በቃ፣ ሌላ ቀን..."

"ክፈቺው አልኩሽ፣ ሜቲ! ይናገር፤ እንደፈለገው ይናገር። ልጄ ስትሄድ ልያት።"