ያልቀመስኩት ሶስ

ባለፈው ዓርብ ሰሚት፣ ልጄ ቤት ነበርኩ። ምራቴ ለሕፃናቱ የእንቁላል ወጥ ሠራችላቸው፤ እሷ ዓርብን ስለምትጾም አልቀመሰችውም። ታናሹ አንድ ጉርሻ እንደዋጠ "እማዬ፣ ጨው ብቻ ነው!" ብሎ ምላሱን አውጥቶ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። መቼስ በጾም ቀን ለሰው የፍስክ የምትሠራ ሴት ጨው የምትጨምረው በእጇ ግምትና በእግዜር ቸርነት ነው። እኔ ግን ሳቄን ሳልጨርስ ልቤ አትላስ ሄደ።

ወጣት ሳለሁ አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ቤታችን ጉርድ ሾላ ነው። ያን ጊዜ ሰሚት እርሻ ነበር ብላቸው የልጅ ልጆቼ አያምኑኝም። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ በታክሲ ተጋፍቼ መገናኛ እደርሳለሁ፤ ከዚያ ቦሌ የሚሄደውን እይዝና አትላስ ላይ እወርዳለሁ። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በዚያ ዓመት ሆዱን ታሞ አልጋ ላይ ከዋለ ወራት አልፈውት ነበር። እናቴም፣ ታናናሾቼም፣ የአባቴ መድኃኒትም የሚያዩት የእኔን እጅ ነበር። እኔ ደግሞ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነኝ፤ ከፋሲካ በኋላ ቋሚ ካላደረጉኝ ወደ ቤቴ።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሼፍ ግርማ ይባላሉ። ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ሲቆጡ ግን ድስቱም ይደነግጣል። እጄን ስለወደዱት ሶስ የሚሠራበት ምድጃ ላይ አቆሙኝ። ቅቤው፣ ክሬሙ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ የሥጋው መረቅ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነበር፤ ሁዳዴ እስኪገባ ድረስ።

እኔ ከልጅነቴ ጾም ፈትቼ አላውቅም። ሼፍ ደግሞ ሳይቀምስ የሚያወጣ ሰው አይወዱም። "እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ ነፍስሽ የራስሽ ናት። ምላስሽ ግን እዚህ እስካለሽ የሆቴሉ ነው" አሉኝ። ለእናቴ ብነግራት፣ ራሷ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትውለው እናቴ፣ "ልጄ፣ ጫፉን ቅመሺና ትፊው። ለሆድሽ ብለሽ እንዳልሆነ እሱ ያውቃል" አለችኝ። እውነት ለመናገር ይህ ከሼፍ ቁጣ ይልቅ ፈተነኝ። ባዶ ሆዴን እዚያ የቅቤ ሽታ ውስጥ ቆሜ ስውል "አንድ ማንኪያ ማን ያያል?" እል ነበር። ግን አባቴ ታሟል። ረጅም ጸሎት አላውቅም፣ ለስለት የሚሆን ነገር የለኝም። ለአምላኬ የማቀርበው አለኝ የምለው ያ ጾም ብቻ ነበር። እሱንም ለሆቴሉ ከሰጠሁ ባዶ እጄን የምቀር መሰለኝ።

ያዳነችኝ ራሔል ናት። ከጎኔ ሰላጣ የምትሠራ የሆሳዕና ልጅ፣ ሳቋ ከመንገድ የሚሰማ፣ ጴንጤ ናት። እኔ "አንቺማ ምን አለብሽ፣ ዓመቱን ሙሉ ፋሲካ ነው" ስላት፣ እሷ "አንቺ በሽሮ ልትጸድቂ ነው?" ትለኛለች። እንዲህ እየተነካከስን ነበር የምንውለው። አንድ ቀን ጭልፋውን ይዤ ስቁለጨለጭ አየችኝና "አምጪው፣ እኔ አፍ ልሁንሽ" አለች።

መጀመሪያ ላይ አፍነቷ አይረባም ነበር።

"ምን ጎደለው?"

"ምንም። ይጣፍጣል።"

"ጨዉስ?"

"ኧረ ይጣፍጣል አልኩሽ!"

እየቆየች ግን ለመደችው። "ትንሽ ሎሚ"፣ "ቁንዶ በርበሬው በዛ" ማለት ጀመረች። ሼፍ "ቀመስሽ?" ሲሉኝ "ተቀምሷል ሼፍ" እላለሁ። ራሔል ካሮቷ ላይ አቀርቅራ ሳቋን ትውጣለች። ጾሙ በዚህ ሁኔታ እኩሌታውን አለፈ።

ከዚያ የበልግ ዝናብ በጀመረበት ሰሞን አንድ ትልቅ የምሳ ግብዣ መጣ። እንግዶቹ የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ስቴክ በእንጉዳይ ሶስ አዘዋል። ሼፍ ጠርተውኝ "ይሄን ካሳመርሽ ለቋሚነት ስምሽን አስተላልፋለሁ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ነው ነገሩ" አሉኝ። ግብዣው የዋለው አባቴ ኦፕራሲዮን በሚሆንበት ቀን ነው። ፈቃድ ብጠይቅ ሥራው ይቀራል፤ እናቴና ወንድሜ ይዘውት ሄዱ፣ እኔ ወደ አትላስ።

በዚያ ቀን እጄ የራሴ አልነበረም። ጨው ጨመርኩ፤ መጨመሬን ተጠራጥሬ እንደገና ጨመርኩ። ጭልፋውን ወደ ራሔል ዘረጋሁ።

"ቶሎ በይ፣ ሊወጣ ነው።"

ራሔል አልተቀበለችኝም። "ዛሬ አልችልም። ጾም ላይ ነኝ።"

ደሜ ፈላ። "አንቺ ደግሞ የምን ጾም ታውቂያለሽ? ዛሬ ነው ቀልድ የመጣልሽ?"

ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ለአባትሽ ነው" አለች። "ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው። እኛ ስንጾም ውሃም አንቀምስም። ከሐኪሙ እጅ እስኪወጡ ድረስ ብዬ ለጌታ ነግሬዋለሁ።"

አየኋት። ከንፈሯ ደርቋል። እዚያ እሳት ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ስትሠራ አንዲት ጠብታ ውሃ እንዳልቀመሰች አላስተዋልኩም። ሼፍ ከወዲያ ሲመጡ ስታይ ደነገጠችና እጇን ዘረጋች። "ስጪኝ፣ ልቅመስልሽ። እሱ ልብ ያያል፤ እንጀራሽ ነው።"

እናቴ ያለችኝን ያንኑ ነገር አለችኝ። ጭልፋውን ወደ ኋላ ሳብኩት። ለአባቴ የተያዘ ጾም በእኔ ሶስ አይፈታም! "ተዪው" አልኳት።

"ቀመስሽ?" አሉ ሼፍ።

"አልተቀመሰም ሼፍ።"

ጭልፋውን ከእጄ ወስደው ቀመሱት። ፊታቸው ተኮማተረ። ክሬም ጨመሩ፣ መረቅ ጨመሩ፣ ራሳቸው አስተካክለው አወጡት፤ ምሳውም በሰላም አለፈ። ሲያበቃ ጠሩኝ። "እጅሽ ጥሩ ነው" አሉኝ። "ለዚህ ሥራ ግን አትሆኚም። እስከ ፋሲካ ድንች ትልጫለሽ፤ ከዚያ በኋላ አላውቅም።" ሲናገሩ ዓይኔን አላዩም።

ድንቹ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ እንግዳ መቀበያ ስልክ መጣልሽ ተባልኩ። ወንድሜ ነው። "ወጥቷል፤ ነቅቷል፤ አንቺን እየጠራ ነው" አለኝ። እየሮጥኩ ገብቼ ለራሔል ነገርኳት። ወንበር ላይ ዘፍ አለችና አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ሳትተነፍስ ጠጣች። ያኔ አቅፌያት አለቀስኩ።

ሥራዬ እንደተባለው ከፋሲካ በኋላ ቀረ። ክረምቱን ሙሉ ቤት ዋልኩ፤ ቤታችን ጎደለ፣ ተቸገርን። "ጌታዬ፣ ጾሜን ጠበቅሁልህ፣ ይኸው ነው?" ብዬ ያማረርኩባቸው ቀናት ነበሩ፤ አልደብቅም። መስከረም ጠብቶ የአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት እስኪቀጥረኝ ድረስ በራችንን እያንኳኳች፣ ያላትን ይዛ የምትመጣው ራሔል ነበረች። አባቴ ድኖ ብዙ ዓመት ኖረ። እኔ ኦርቶዶክስ እንደሆንኩ አለሁ፣ እሷም ጴንጤ እንደሆነች አለች፤ ዛሬም እንነካከሳለን። ከዚያ በፊት ጾም ማለት ለእኔ ከምግብ መከልከል ነበር። ለሰው ብሎ መራብ እንዳለ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ እምነቴ አደገ የምለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ይህን የምጽፈው ማክሰኞ ነው። ጾም አይደለም። ዛሬ ማለዳ ራሔል ደውላልኝ ነበር፤ ሴት ልጇ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች፣ አልቀለላትም። ያቺ ሳቂታ ሴት ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። "አይዞሽ" ብቻ ብያት ዘጋሁ። ምሳ ሲቀርብልኝ "ይቆይ" አልኩ። እስካሁን ውሃም አልቀመስኩ፤ ስልኩን አጠገቤ አድርጌ እየጠበቅሁ ነው።