በጳጉሜን የተወለደችው አመልካች

የምጽፈውን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። በጡረታ ስሰናበት ባልደረቦቼ ስለ ጥንቃቄዬ ሲመሰክሩ እንኳ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ እንጂ አላስተባበልኩም። አሁን ለእርስዎ ለአንባቢው የምናዘዘው እንዲፈርዱልኝ ሳይሆን እንዲያውቁት ነው።

በሚዛን ተፈሪ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነበርኩ። ሥራ ፈላጊዎች ከማጂና ከሌሎች ሩቅ ወረዳዎች በጭቃ መንገድ መንገላታታቸው እንዲቀር ማመልከቻው በድረ ገጽ እንዲሆን ያደረግሁት እኔ ነኝ። በዚህ ዛሬም እኮራለሁ።

ድረ ገጹን የሠራችው ትዕግስት የምትባል የሶፍትዌር ባለሙያ ነበረች። ቅጹ ከመላኩ በፊት ስህተት የሚለቅም ጃቫስክሪፕት የሚባል ፕሮግራም አስገብታበታለች፤ የተሳሳተውን በቀይ ያሳያል፣ ሳይታረም አያሳልፍም። ይህ ፍተሻ ግን የሚካሄደው በአመልካቹ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ እንጂ ማመልከቻው በሚደርስበት በእኛ ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ አልነበረም። ከውጭ አገር የተወሰደ በመሆኑም ወር የሚቆጥረው እስከ አሥራ ሁለት ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ጳጉሜንን ማስገባት አለብን» አለችኝ። «ፍተሻውም እዚህ ሰርቨራችን ላይ ይደገም። ጃቫስክሪፕት የማይሠራበት ስልክ ያለው ሰው ምንም ሳይፈተሽ ያልፋል።»

«በጳጉሜን የተወለደ ነሐሴ ሠላሳ ይበል» አልኳት። «አንድ ፍተሻ ይበቃል፤ ማስታወቂያው ነገ ይወጣል።»

«እንግዲህ ልደታቸውን እርስዎ ይደግሱላቸዋል!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቀጥሎም በስብሰባ ላይ ድረ ገጻችን የተሳሳተ መረጃ ፈጽሞ አያሳልፍም ብዬ ለአለቆቼ ተናገርኩ።

ማመልከቻዎቹን ስመረምር የአንዲት ነርስ የልደት ቀን ጳጉሜን አራት ሆኖ አገኘሁት። ምን አሰብኩ? ድረ ገጹ የማይቀበለውን ካስገባች አንድ ተንኮል ሠርታለች አልኩ። ከማጂ አስጠራኋት። ስትገባ የመንገዱ ጭቃ ከጫማዋ ላይ አልደረቀም ነበር።

«ይህን እንዴት አስገባሽው?»

«በስልኬ ሞልቼ ላክሁት፤ አለፈ።»

«አሥራ ሦስተኛ ወር አይቀበልም እኮ!»

«ጋሼ፣ እናቴ የወለደችኝ ጳጉሜን ነው። ስልኩ አላዋለደኝም!»

የተወለደችበት ጤና ጣቢያ የሰጠውን ካርድ ዘረጋችልኝ። አላየሁትም። መረጃ አጭበርብራለች ብዬ ከቅጥር ፈተናው ተፈታኞች ውስጥ ሰረዝኳት። ከወንበሯ ቶሎ አልተነሳችም።

«ነሐሴ ብዬ ብዋሽ ኖሮ እፈተን ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። ፋይሏን ዘጋሁት። ወጣች።

በማግስቱ ትዕግስት ነገሩን አጣርታ መጣች። የነርሷ ስልክ ርካሽ ነው፤ ገጹን የከፈተው ያለ ጃቫስክሪፕት ነው። ልጅቷ የሠራችው አንዳች ተንኮል የለም። ሌሎቹ የጳጉሜን ልጆች ቀናቸውን ለውጠው ሲያልፉ፣ እውነቱን መጻፍ የቻለችው ፍተሻው ስላልደረሰባት ነው።

ፈተናው ገና አልተሰጠም ነበር። አንድ ጊዜ መደወል ይበቃኝ ነበር። ለምን አልደወልኩም? ቁጥሯ ጠፍቶኝ ነው? ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ጊዜ አጥቼ ነው? ያን ዕለት ሻይ ልጠጣ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ። ያልደወልኩት በአለቆቼ ፊት የተናገርኩትን ቃል ማጠፍ ስላሳፈረኝ ነው። «ውሳኔው አንድ ጊዜ ተሰጥቷል» አልኩ። ትዕግስት አየችኝና ኮምፒውተሯን ዘግታ ወጣች። ፈተናው ያለ ነርሷ ተሰጠ።

ከዚያ በኋላ ድረ ገጹን አስተካከልነው። ጳጉሜን ገባ። በስልኩ ላይ የሚደረገው ፍተሻ አመልካቹ ስህተቱን ቶሎ እንዲያይ ብቻ ሆነ፤ የሚታመነው ፍተሻ በሰርቨራችን ላይ የሚደረገው ሆነ። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ እመክራለሁ። ለዚሁ ሥራ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ፤ ሳሎኔ ተሰቅሏል። እንግዳ ሊያነበው ሲጠጋ ሌላ ወሬ አነሳለሁ።

በፕሮግራሙ አላመካኝም። እሱ ጳጉሜንን አያውቅም፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ።

የነርሷን ስም እዚህ አልጽፍም፤ አንድ ጊዜ አጭበርባሪ ብዬ በሐሰት ጽፌዋለሁ። ይህ ጽሑፍ ከደረሰሽ ግን በልደት ቀንሽ ራስሽን ታውቂያለሽ። የጻፍሽው እውነት ነበር። አጭበርባሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ንጹሕ መሆንሽን ካወቅሁ በኋላ ከፈተናው ያስቀረሁሽም እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሱ አዎ ነው፤ ብትዋሺ ኖሮ ትፈተኚ ነበር።