ችኩሌ የተቀመጠ ቀን

የእህቴ ባል መቀመጥ አይችልም። ማጋነኔ አይደለም። በሠርጉ ዕለት እንኳ ሙሽራዋ እህቴ አጠገቡ ቬሎዋን ሰብስባ ተቀምጣ ሳለ፣ «እንግዶቹን ያመጣው አውቶቡስ ጎማው ልክ አይመስለኝም» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ሲመለስ ኬኩ ተቆርጦ አልቋል፣ እጁም ግሪስ በግሪስ ሆኗል። ችኩሌ የሚል ስም ያወጣንለት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅ ወልዶ፣ ልጁን ድሮ፣ ፀጉሩ ሸብቶም ያው ችኩሌ ነው። የሚበላው ቆሞ፣ ዜና የሚሰማው እየተንጎራደደ ነው። ተኝቶም እግሩ አያርፍም፤ እህቴ እንደነገረችኝ ብርድ ልብሱ ጠዋት ጠዋት የሚገኘው መሬት ላይ ነው።

ሥራውም እንደ ጠባዩ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ከከተማ የሚመጡ ሰዎችን ተቀብሎ ገጠሩን ያስጎበኛል። ጠዋት በሐይቁ ዳር በብስክሌት ይዟቸው ይዞራል፣ ከዚያ በጀልባ ይሻገራሉ፣ ማዶ ምሳ ይበላሉ። ብስክሌቱ የእሱ ነው፣ ጀልባዋ የኔ ናት፣ ምሳው የእህቴ ነው። ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ምሳው በሚበላበት በዚያው በማዶው ቤት ስለሆነ፣ እኔ ሳላሻግር ወደዚያ የሚገባም ከዚያ የሚወጣም የለም። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም። የዚያ ቀን ጣጣ እኔ ላይ የወደቀው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ነው።

የሥራችን ምልክት አንዲት ቀይ ፎጣ ናት። እህቴ ዓሣውን ምድጃ ውስጥ ስትከት ፎጣዋን ግቢዋ ውስጥ ባለው ገመድ ላይ ትሰቅላለች። እኔ ከወዲህ ሆኜ ፎጣዋን ካላየሁ ጀልባዬን ከመሳፈሪያው አልፈታም። ቀድመን ከሄድን የተራቡ እንግዶች ኩሽናዋ ውስጥ ይርመሰመሱባታል፤ ከዘገየን ደግሞ ዓሣው ይደርቃል። ፎጣዋ እስክትሰቀል እንግዶቹን ማቆየት የችኩሌ ፋንታ ነው። ከመሳፈሪያው አጠገብ በትንሽ ጅረት ላይ የተሠራ አንድ አሮጌ ድልድይ አለ፤ የሠራውን ሰው ታሪክ ያወራላቸዋል። ታሪኩ ዓይን ያወጣ ፈጠራ ነው። ፎጣዋ ቶሎ ከተሰቀለች ሰውዬው ድልድዩን እንደጨረሰ ይሞታል፤ ከዘገየች ሚስት አግብቶ፣ ፈትቶ፣ ሌላ አግብቶ የልጅ ልጅ ያያል።

የዚያን ቀን ጠዋት ችኩሌን ለማሻገር ወደ ቤታቸው ሄድኩ። እሱ የጎማ መንፊያዬ ጠፋ ብሎ ቤቱን ያተራምሳል። መንፊያው ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ልነግረው አፌን ስከፍት እህቴ በጓሮ በኩል መጥታ በእጇ ጠራችኝ። ቡናማ ቦርሳዋን ይዛለች።

«ጋሼ፣ ይህቺን ከጀልባዋ ፊት፣ ሸራው ሥር አድርግልኝ» አለችኝ።

«ምንድን ናት?»

«ልብሴ ናት። ምሳውን አብልቼ ከእንግዶቹ ጋር እሻገራለሁ። በሚኒባሳቸው ከተማ ልጄ ጋ እሄዳለሁ።»

«ለስንት ቀን?»

ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች።

«ምን አደረገሽ? ክፉ ተናገረሽ?»

«መቼ ቆሞ ይናገረኛል?» አለች። «ልጃችን ካገባች ወዲህ እዚህ ቤት የማወራው ከድስት ጋር ነው። ለመጣው እንግዳ ሁሉ ወንበር ይስባል፣ ‹አረፍ በሉ፣ አትቸኩሉ› ይላል። ከኔ ጋር ግን አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ሳህኑን ጨርሶ አያውቅም። ደከመኝ፣ ጋሼ።»

«ለሱ ንገሪው እንጂ ታዲያ።»

«ስነግረው ‹እሺ፣ መጣሁ› ይልና ይወጣል። አንተም እንዳትነግረው። ቦርሳዬን ይዤ ካየኝ ይለምነኛል፤ ከለመነኝ ደግሞ እቀራለሁ። መቅረት አልፈልግም።»

ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ድንች እንደምትቆጥር ሰው ረጋ ብላ ነው የነገረችኝ። ቦርሳዋን ተቀበልኩ። ከበደችኝ፤ መጥበሻዋን ሳትጨምርበት አልቀረችም። መጥበሻዋን ይዛ የምትሄድ ሴት ቶሎ የመመለስ ሐሳብ እንደሌላት ማንም ያውቃል። አንደኛው ማንጠልጠያዋ ድሮ ተበጥሶ ችኩሌ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ ሌላ ሰፍቶላታል። ጥቁሩን ላስቲክ ወደ ውስጥ አጥፌ ሸራ አለበስኳት።

ከዚያ በኋላ ቀልቤ ከኔ ጋር አልነበረም። ችኩሌን አሻግሬ፣ እሱ እንግዶቹን ሊቀበል ሲሄድ፣ እኔ መሳፈሪያው ላይ ተቀምጬ ያልተቋጠረ ገመድ ስፈታ፣ የፈታሁትን ስቋጥር ቆየሁ። ልንገረው ወይስ ልተወው? ብነግረው እህቴን ከዳሁ። ብተወው ደግሞ ይህን ያህል ዘመን እንደ ወንድም አብሮኝ የኖረውን ሰው እያየሁት ገደል ሰደድኩት። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ የቸገረኝም እሱ ነው።

ረፋዱ ላይ ብስክሌተኞቹ በውሃው ዳር ብቅ አሉ። አንድ ወጣት ባልና ሚስት፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ እና ብስክሌቱ ከሥሩ የማይታይ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ናቸው። አስጎብኚ ከኋላ መንዳት አለበት፤ የደከመ ሰው የሚታየው ከኋላ ነው። ችኩሌም ከኋላ ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይበራል፣ ጉድጓድ ካለ ያያል፣ ተመልሶ የመምህርቷን ኮርቻ ይነካካል፣ እንደገና ይበራል። እንግዶቹ አንድ ጊዜ የሚሄዱትን መንገድ እሱ ደጋግሞ ይመላለስበታል።

ደረሱ። ፎጣዋ አልተሰቀለችም። ችኩሌ የድልድዩን ታሪክ ጀመረ። እኔ የማዶውን ገመድ አፍጥጬ አያለሁ። ሌላ ቀን «ምነው ዘገየች» እያልኩ የምጠብቃት ፎጣ ያን ቀን ባትሰቀል ደስ ባለኝ። ካልተሰቀለች ምሳ የለም፣ ምሳ ከሌለ መሻገር የለም ብዬ እንደ ሕፃን አሰብኩ። ድልድይ ሠሪው አገባ፣ ፈታ፣ አረጀ። ችኩሌ በየዓረፍተ ነገሩ መሃል ወደ እኔ እየመጣ፣ «ጋሼ፣ ፊትህ ልክ አይደለም፤ ምን ሆነሃል?» ይለኛል።

«ፀሐዩ ነው» አልኩት።

«የቱ ፀሐይ?» አለኝ። ሰማዩ እንደ ዳመነ ነበር።

ፎጣዋ ተሰቀለች።

እኔ ሰውን በዓይኔ መዝኜ ነው የማስቀምጠው። ክብደት አልጠይቅም፤ ጠይቄም እውነቱን የሚነግረኝ የለም። ከባዱን መሃል፣ ቀላሉን ከፊት አደርጋለሁ፣ እኔ ከኋላ ሞተሩን እይዛለሁ። ያን ቀን ግን ነገር ዓለሙ ጠፋብኝና ግዙፉን ሰውዬ ከፊት፣ ከቦርሳዋ በላይ አስቀመጥኩት። ልብሱ፣ መጥበሻው፣ ሰውዬው፣ ሁሉም አንድ ቦታ ተሰበሰቡ። የሐይቁ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ማዕበሉ የጀልባዋን አፍንጫ ይመታ ጀመር። መምህርቷ ፊታቸው ላይ ውሃ ተረጨ።

«ጋሼ፣ አፍንጫዋ ከብዷል» አለ ችኩሌ።

«ምንም አይደል፣ ተቀመጥ።»

«ሸራው ሥር ምን ጫንክ?»

«ምንም።»

ያቺ «ምንም» ቶሎ መጣች። እሱ ደግሞ ሰው «ተቀመጥ» ሲለው የሚነሣ ሰው ነው። በሰዎቹ ጉልበት መሃል አልፎ ሸራውን ገለጠና እጁን ሰደደ። ሲያወጣው ጥቁሩን ላስቲክ ይዟል።

የገዛ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ሲዳስስ አየሁት። ከዚያ ማዶ የተሰቀለችውን ፎጣ አየ። ከዚያ እኔን። ቀስ ብሎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጀልባዋ ተንገዳገደች፣ ወጣቷ ሚስት ባሏን ጨምድዳ ያዘችው።

«ተቀመጥ» አልኩት።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ልጇ ጋ።»

«ለስንት ቀን?»

እኔም እሷ እንደመለሰችልኝ መለስኩለት፤ ፊቴን ወደ ውሃው አዞርኩ።

ተቀመጠ። ወንበር ላይ አይደለም፤ እዚያው ውሃው የተጠራቀመበት ወለል ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኑ ላይ አድርጎ። መምህርቷ «ምን ሆኑ፣ ልጄ?» ሲሉት፣ «እንዳትረጥብ ነው» አለ። የሱሪው ነገር ግን አልታየውም። ከዚያ ማዶ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረም። ሌላ ቀን ስለ ወፎቹ፣ ስለ ዓሣ አጥማጆቹ አፉ አይገጥምም። እንግዶቹ የሐይቁ ፀጥታ መስሏቸው እነሱም ዝም አሉ። አዘንኩለት። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከደረቴ ላይ ድንጋይ ተነሣልኝ።

ሌላ ጊዜ ጀልባዋ ሳትቆም ዘሎ ይወርድ የነበረ ሰው የዚያን ቀን መጨረሻ ወረደ። ቦርሳዋን አልደበቃትም፤ ከጀልባዋ ፊት ወንበር ላይ በግልጽ ተዋት። እህቴ የዓሣውን ትሪ ይዛ ከኩሽና ስትወጣ፣ ከዛፉ ሥር ከተዘረጋው ጠረጴዛ ጫፍ ባሏን ተቀምጦ አገኘችው። አጠገቡ አንድ ባዶ ወንበር ስቧል። ትሪው እጇ ላይ ዘንበል አለ።

«አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ተነሥና ዳቦውን አምጣ።»

«ዳቦውን ጋሼ ያመጣዋል። አንቺ ተቀመጪ።»

ወደ እኔ ዞረች። እኔ ከዚያ ቀን በፊት አይቼው እንደማላውቅ ዓሣውን ትኩር ብዬ አየሁ። ገባት። እንግዶቹ እየተመለከቷት ስለሆነ እንጂ የምትቀመጥ አይመስለኝም ነበር፤ ተቀመጠች። እኔም አስተናጋጅ ሆንኩ። ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩ፣ ድንቹን ረሳሁ፣ ሰላጣውን መጨረሻ አመጣሁ። ማንም አልከሰሰኝም።

ችኩሌ ምጥ ላይ ነበር። ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር ይዘላል፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ይርገፈገፋል፣ መምህርቷ ብርጭቆአቸውን አንሥተው በእጃቸው ያዙ። የግቢው በር በነፋስ ተንጓጓ፤ አንገቱ ዞረ፣ እሱ ግን አልተነሣም። ግዙፉ ሰውዬ፣ ነገሩን አያውቅ፣ «ቅድም ከብስክሌቴ ስወርድ ጎማው ሲተነፍስ የሰማሁ መሰለኝ» አለ። የችኩሌ ፊት ቲማቲም መሰለ። በሁለት እጁ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠ።

«ጎማው ይቆያል» አለ።

ሳህኑን ጨረሰ። እሷም ጨረሰች።

«ዓሣው ጥሩ ነው» አላት።

«ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።»

«አላውቅም ነበር። እኔ ስበላው ቀዝቅዞ ነው።»

ሽርጧን ፈትታ ወንበሩ ላይ አደረገችና ወደ ጀልባዋ ወረደች። ሐሳቧን አልቀየረችም፤ በአንድ ምሳ ትቀይራለች ብዬም አልጠበቅኩም። ይለምናታል ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። አልለመናትም። ቦርሳዋን ከፊት አንሥቶ መሃል፣ ሚዛን በማታበላሽበት ቦታ አደረጋት። ግዙፉን ሰውዬም መሃል አስቀመጥኩት። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ተሻገረች።

ወዲህ ስንደርስ ሚኒባሱ እየጠበቀ፣ ሹፌሩም የእንግዶቹን ጓዝ ጣሪያው ላይ አስሮ ጨርሶ ነበር። እህቴ ገብታ መስኮት ዳር ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ አደረገች። ችኩሌ በሩ ላይ ቆመ። ሲቆም አይቼው አላውቅም ማለቴ አይደለም፤ ሳይንቀሳቀስ ሲቆም ግን ያን ቀን አየሁት።

«ቦታ አለ?» አላት።

«ሹፌሩን ጠይቀው።»

«አንቺን ነው የጠየቅኩሽ።»

ወጣቶቹ ባልና ሚስት መሬት መሬት ያያሉ። እህቴ ላስቲኩን ይዛ ቦርሳዋን ከወንበሩ አነሣችና ጭኗ ላይ አደረገቻት። ገብቶ ተቀመጠ። ወዲያው ጉልበቱ ጀመረው። እህቴ ወደ ውጭ እያየች እጇን ጉልበቱ ላይ ጣለችና ተጫነችው። ረጋ።

ሚኒባሱ ሲነሣ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ የነገዎቹን እንግዶች...» ሲል ሰማሁት። የእህቴም ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

«ተቀመጥ» አለችው።

እኔ ወደ ማዶው ቤት ስሻገር የዓሣ አጥንትና የሳህን ክምር ጠበቀኝ። ስወጣ ቀይዋን ፎጣ ላወርድ እጄን ዘርግቼ ተውኳት። በማግስቱ ለመጡት እንግዶች የድልድዩን ታሪክ አወራሁ፤ የኔ ድልድይ ሠሪ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶኝ ቶሎ ሞተ። ዓሣውንም የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስለሱ ባናነሣው ይሻላል። ካደረስኳቸው በኋላ መሳፈሪያው ላይ መቀመጥ አቃተኝ። እዚያች ጠባብ ሳንቃ ላይ እየተንጎራደድኩ፣ መንገዱ ላይ አቧራ በተነሣ ቁጥር ሚኒባስ ይሆን እያልኩ አያለሁ።