አባቴ የተከለው እሾህ

አሁንም ነገሌ ገብቼ የተቆረጠ ግራር ሲሸተኝ፣ መጥረቢያ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አንገቱን የደፋው አባቴ ይመጣብኛል።

አባቴ ከሰሜን የመጣ መምህር ነበር፤ ዛፍ ሲያይ ነፍሱን አያውቅም። መንግሥት በተለወጠ ማግስት የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ አቋቁሞ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔንና ተማሪዎቹን ሰብስቦ ችግኝ ያስተክለን ነበር። በሚያዝያው ዝናብ ከከተማው ወጣ ብሎ በእሾህ የታጠረ ባዶ ሜዳ አገኘና፣ እየዘፈንን በግራር ችግኝ ሞላነው። የሜዳው ጠባቂ ኦቦ ጃተኒ «አካም፣ መምህር፣ ናጋ?» ብለው ሰላምታ ከሰጡን በኋላ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲያዩን ዋሉ። አመሻሹ ላይ ወተት አጠጥተው፣ «ደከማችሁ» ብለው ሸኙን። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ሲኩራራ ሰነበተ።

ሜዳው ለካ ባዶ አልነበረም፤ በድርቅ ጊዜ ለጥጃ ተብሎ ሣሩ የሚጠበቅበት ካሎ ነበር። ግራሩ አድጎ፣ ዘሩ ተበትኖ፣ በየዓመቱ ሣሩ እየሳሳ እሾሁ እየበዛ ሄደ። አንድ በጋ ድርቁ ሲጠና፣ ኦቦ ጃተኒ እግሯ የከዳት ጥጃ ተሸክመው ደጃችን መጡ።

«መምህር፣ ልጆቹን መጥረቢያ አስይዘው ይላኩልኝ። ሣሩ አለቀ።»

አባቴ ነገሩ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። «ያኔ ምነው ዝም አሉኝ፣ ኦቦ?»

«በነፃ ሊደክሙልን መጡ። በደስታ የመጣን ሰው እንዴት ይመልሱታል?»

ጥጃዋ አልተረፈችም። በዚያው ቅዳሜ አባቴ ክበቡን ሰብስቦ «ልጆች፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለና የመጀመሪያውን ግራር ራሱ ቆረጠ። ተማሪ ፊት እንዲህ ሲል ሰምቼው ስለማላውቅ፣ በሱ ፈንታ እኔ አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው እየሄድን እንመነጥር ነበር፤ እጃችን በእሾህ ተቧጭሮ ስንመለስ እናቴ ትቆጣለች፣ አባቴ ግን አንድም ቀን አልቀረም። ሣሩ ተመልሶ ጥጆች ሲግጡበት እስኪያይ ድረስም ስለዛፍ አላወራም።

ዛሬ አባቴም ኦቦ ጃተኒም የሉም። እኔም በተራዬ በጎ ፈቃደኞች አስከትዬ እወጣለሁ። አሁን አንድ ዓይነት ቆብ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ችግኙም በመኪና ይመጣል። እነሱ ጉድጓድ ለመቆፈር ሲቸኩሉ፣ እኔ የአካባቢውን ሽማግሌ ፍለጋ እሄዳለሁ፤ «ደግሞ ጀመራት» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሽማግሌው ወተት ቢያቀርቡልኝ እንኳ፣ «እዚህ ብንተክል ማን ይጎዳል?» ብዬ መልሱን ሳልሰማ አልቀምሰውም።